ቀድማ ሰላም የምትለው ማን ናት?

(በማኅበራችን የጥር 2018 ዓ.ም. አጠቃላይ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ እምነትና ስለ ኑሮ አንድ ነገር ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ነው ያልኳት። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያንንም በማታ ነው የተማርኩት። በኋላ ግን «ያንን የአምናውን ተናገሪ፣ ሌላ ነገር አንፈልግም» አለችኝ። የአምናውን ነገር ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በፊታችሁ ነው የሆነው። ለማታውቁት ነው የምናገረው።

ነገሩ የእኔና የጎረቤቴ ነው። እሷም እዚሁ መሐላችን ተቀምጣለች። ከመናገሬ በፊት አስፈቅጃታለሁ። «ስሜን ካልጠራሽ፣ የልጄንም ስም ካላነሳሽ ተናገሪ» ብላኛለች። ስለዚህ ጎረቤቴ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጓት።

እኔና እሷ አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር አሥራ አምስት ዓመት አልፎናል። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ቧንቧችን አንድ ነው። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። ወደዚህ ማኅበር ያስገባችኝም እሷ ናት፤ እኔ «ገንዘብ ከሴቶች ጋር ጣጣ ነው» ብዬ ስሸሽ ነበር።

ለእንግዶቻችን ያህል፣ የእኛ ቡድን 22 ሴቶች ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን፣ እንቆጥባለን፣ ከቆጠብነው ደግሞ ብድር እንሰጣጣለን። ባንክ የሚጠይቀው ዓይነት ማስያዣ የለንም፤ ያለን ምጣድና ጀበና ነው። ስለዚህ አንዷ ስትበደር ሁለት ዋስ ትጠራለች። መክፈል ካቃታት ከዋሶቹ ቁጠባ ይቆረጣል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው። ግን እዩት፣ የቆመው በወዳጅነት ላይ ነው። ወዳጅነቱ ሲሰነጠቅ ገንዘቡም አብሮ ይሰነጠቃል።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ልታቀርብ 9,000 ብር ተበደረች። አንዷ ዋስ እኔ ነበርኩ። አራት ወር በደንብ ከፈለች። ከዚያ ቆመች። ጤፉ ተወደደ፣ አንዱ ምግብ ቤት ዕዳውን ሳይከፍላት ቀረ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሦስት ወር ሲሞላው ከእኔ ቁጠባ 1,350 ብር ተቆረጠ። ለልጆቼ ዩኒፎርም ያሰብኩት ነበር።

ጥቅምት 2016 ላይ ቅዳሜ ስብሰባ ነበረን። የተቆረጠው ሲነበብ ብድግ አልኩና በሁሉም ፊት «ልጅሽ አረብ አገር ዶላር እያፈሰች፣ አንቺ የእኔን ልጆች ጉሮሮ ትዘጊያለሽ?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስብሰባ ቀረች። ከእሷ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች አራት ሴቶችም ተከትለዋት ቀሩ። ደጋፊዎቻችን የዚያን ዓመት ሪፖርታችንን አንብባችሁ ከሆነ «አምስት አባላት በተለያየ ምክንያት ለቀዋል» የሚል መስመር አለበት። ያ የተለያየ ምክንያት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ወር አልተነጋገርንም። አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ አለመነጋገር ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ እግዚአብሔር አያሳያችሁ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች በአንድ ቧንቧ ፊት ጄሪካን ደርድረው ይቆማሉ፣ ውሃው ይንሿሿል፣ እነሱ አይተነፍሱም። እሷ ስትመጣ እኔ ጄሪካኔን ግማሽ ድረስ ሞልቼ እገባለሁ። ጠዋት ውሃ አንሶኝ የምቸገረው እኔው ነኝ።

ከሁሉም የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ነሐሴ 2016፣ የቡሄ ዋዜማ፣ እንደ ወጉ ለክርስትና ልጇ ሙልሙል ጋገረች። ልትሰጠኝ ስላልቻለች በጨርቅ ጠቅልላ ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ በዚያው በልጄ እጅ መለስኩት። ልጁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። «ምን ብዬ ልስጣት?» አለኝ። «ምንም አትበል፣ አስቀምጠህላት ና» አልኩት። ሕፃን ልጅ ኩርፊያ እንዲሸከም አደረግሁት።

አምና የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። የተጣላሽው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ እኔ ማንንም አልጠላም። አላናግራትም ብቻ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስነግራቸው የተበደልኩት እኔ ሆኜ ነው የነገርኳቸው።

ወንጌሉን አስታወሱኝ፤ መባ ይዞ መሠዊያው ፊት የደረሰ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቅ የሚለውን። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! ግን ሁልጊዜ የሰማሁት «የበደለህ ሰው ካለ» እንደሚል አድርጌ ነበር። የሚለው ግን እሱ አይደለም። አንተን የተቀየመህ ሰው ካለ ነው የሚለው። ተነስቶ መሄድ ያለበት ያስቀየመው ነው። «አንቺን የተቀየመሽ ሰው የለም?» አሉኝ። ሙልሙሉ ትዝ አለኝ።

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ስግደት ቀላል ነው፣ ጉልበቴ ጤና ነው። እሳቸው ግን «ሄደሽ ታረቂ አልልሽም፣ ገና አልደረስሽም። ጠዋት ጠዋት ስታገኛት እንደምን አደርሽ በያት። ጾሙ እስኪፈታ ሃምሳ አምስቱንም ቀን። ብትመልስም ባትመልስም» አሉኝ።

«ልቤ ሳይፈቅድ በአፌ ብቻ ብናገር ግብዝነት አይሆንብኝም?» አልኳቸው።

«ጾም ሲገባ ሆድሽ ፈቅዶልሽ ነው ሥጋ የምትተዪው?» አሉኝ።

እህቶቼ፣ እኔ ዛሬ ላወራ የመጣሁት ይህችን አንዲት ነገር ነው። እኛ ልባችን እስኪስተካከል እንጠብቃለን። «ሲወጣልኝ አናግራታለሁ» እንላለን። አሥራ ስድስት ወር አልወጣልኝም፤ እንዲያውም እየገባ እየገባ ሄደ። በእምነታችን ውስጥ ግን ልብ እስኪሞቅ የማይጠብቁ ጥቃቅን ሥራዎች ተቀምጠውልናል። ሰዓቱ ሲደርስ ይደረጋሉ፣ ልብ ቀስ እያለ ይከተላል። እኔ ላይ የሆነው እንደዚያ ነው፤ ቶሎ ግን አልሆነም።

የካቲት 17፣ ሰኞ ጠዋት፣ ድስት እያጠበች ነበር። «እንደምን አደርሽ» አልኩ፣ ለጀርባዋ። ዞራ አየች። እኔን ሳይሆን ማንን እንዳናገርኩ ልታይ ነው የዞረችው። ማክሰኞ ስታየኝ ገባች። ለተዘጋው በር «እንደምን አደርሽ» ብዬ አለፍኩ። ረቡዕ ግን «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! እኔ ዝቅ ብዬ፣ እሷ ጭራሽ! ሐሙስና ዓርብ ተውኩት። ሃምሳ አምስት ቀን የተባልኩት በሦስት ቀን ሰበርኩት።

ቅዳሜ የቡድናችን ሒሳብ ያዥ፣ ታውቋታላችሁ፣ ሙስሊም እህታችን ናት፣ ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ። አምና የእኛ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ያ ቅዳሜ የእነሱ የመጀመሪያው ጾም ነበር። ነገርኳት። «እኛ ጋ ነቢዩ ያስተማሩት አንድ ሙስሊም ከወንድሙ ጋር ከሦስት ቀን በላይ መኳረፍ እንደማይፈቀድለት ነው። ከሁለቱ የሚበልጠውም ቀድሞ ሰላም ያለው ነው» አለችኝ። ቀጥላ፣ ያው ሒሳብ ያዥ አይደለች፣ «አሥራ ስድስት ወር ማለት 480 ቀን ነው። በሦስት ብናካፍለው 160 ጊዜ አልፎብሻል» አለችና ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። እሑድ ጠዋት እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ምስጋናው ለእሱ ይሁን መልሱ ለእኔ አላውቅም፤ ብቻ ድምፅዋን ሰማሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ገባ፣ አባቴ ያላዘዙኝ። ጠዋት እንደምን አደርሽ ብዬ ከሰዓት ቡና ላይ ስሟን ሳነሳ አፌ ውስጥ ይጎረብጠኝ ጀመር። የሰፈር ቡና ታውቃላችሁ። አሥራ ስድስት ወር ሙሉ ያንን ታሪክ ከአቦል እስከ በረካ ስተርከው ነው የኖርኩት። ስተርከው ደግሞ ያድጋል፤ 1,350 ብሩ በእኔ አፍ ሦስት ሺህ ደርሶ ነበር! እና ተውኩ። የእሷ ነገር ሲነሳ ሲኒ ላጥብ ብዬ እነሳለሁ። ከሰላምታው ይህኛው ነው የከበደኝ። አንዷ ጎረቤቴ «ቡናሽ ጣዕም አጣ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ሐሜት ሲጠፋ መጀመሪያ ጣዕሙ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ያህል የምናወራው አጥተን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነበር የምናወራው። ወሬ ግን ግድግዳ ያልፋል፤ ዝምታም እንደዚሁ። እኔ እሷን ማማት ማቆሜን ሰምታ ነበር፤ በኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ደብረ ዘይት እሑድ ቅዳሴ ቆሜያለሁ። ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ፣ እንደምታውቁት ወደ ግራም ወደ ቀኝም እጅ እንነሳሳለን። ወደ ቀኜ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ከዓምዱ አጠገብ ያቺ ነጠላ ናት። እሷም ጎንበስ ብላ ነበር። በዚያ ሰዓት ፊት ማዞር አይቻልም፤ ማን ፊት ነው የሚዞረው? ከቅዳሴ ስንወጣ አልተነጋገርንም። ግን አብረን አንድ መንገድ ሄድን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ።

በዚያው ሳምንት ሌሊት ውሃ መጣ። እሷ ሞልታ ስትጨርስ ጎማውን መሬት ላይ አልጣለችውም፣ በእጇ ይዛ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ጨለማ ላይ ቆማ «ልጄ ከደወለች ሰባት ወር ሆናት» አለችኝ።

ውሃው ሞልቶ ሲፈስ አላየሁትም። ልጅቷ ከሄደች ጀምሮ ደመወዝ አልተከፈላትም ነበር። ስልኳን ወስደውባታል። እናትየው ለጉዞው የተበደረችውን ለደላላ ስትከፍል ነው የእኛን ዕዳ ያቆመችው። እኔ በ22 ሴቶች ፊት «ዶላር እያፈሰች» ባልኩበት ቀን ልጅቷ አንድ ሳንቲም አልነካችም። እናትየው ያንን እያወቀች ነው አፏን በነጠላ ይዛ የወጣችው። ለምን አልነገርሽንም አትበሏት። እንዳትነግረን አድርገን የጠየቅናት እኛው ነን።

ጄሪካኑን ትቼ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እዚህ ነው እንዴ ያኔ የተናገርሽኝ?»

ልክ ናት። ሃያ ሰው ፊት ሰድቦ በጨለማ ይቅርታ መጠየቅ አይሆንም። ስለዚህ ሰብሳቢያችንን ለምኜ፣ የቀሩትን አምስቱን ቤት ለቤት ዞረን ጠርተን፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ቆሜ ተናገርኩ። የልጅቷን ነገር አላነሳሁም፣ እሱ የእሷ ነው። «የተናገርኩት ውሸት ነበር፤ እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ የሚባል አልነበረም» ነው ያልኩት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ከአምስቱ አራቱ ወደ ማኅበሩ ተመልሰዋል። አንዷ ሌላ ሰፈር ስለገባች አልተመለሰችም፤ እሷን አጥተናታል።

ስለ ገንዘቡ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ዕዳው አልተሰረዘም። እኔም አልሰረዝኩም፣ እሷም ሰርዢልኝ አላለችኝም። ቡድኑ የቀረውን አራዝሞላታል። ለእኔ ከግንቦት ጀምሮ በወር 150 ብር ትመልሳለች፤ ሁለት ወር ዘልላለች፣ አሁን 300 ብር ይቀራታል። ይህን የምለው ታርቀን ሁሉም ነገር እንደ ማር ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። ባለፈው ወር እንኳ በልብስ ማስጫ ገመድ ተነጫንጨናል። ልዩነቱ፣ በማግስቱ ጠዋት አንዳችን «እንደምን አደርሽ» ማለታችን ነው።

በቡድናችንም ያደረግነው ነገር አለ። አንዷ ክፍያ ሲያልፍባት ስሟ በስብሰባ ከመነበቡ በፊት ሁለት ሴቶች ቤቷ ሄደው ይጠይቋታል። ዳቦ ይዘው እንጂ ደብተር ይዘው አይደለም። እስካሁን ሦስት ቤት ሄደናል። አንዱ ቤት ሕመም ነበር፣ አንዱ ቤት ልጅ ታስሮ ነበር። አንዱ ቤት ደግሞ እውነቱን ለመናገር ስንፍና ነበር፤ እሷም ይህን ስሰማ ትስቃለች።

ባለቤቴ እሱን እንዳላነሳው ለምኖኛል፤ ግን ትንሽ ላንሳው። በዚያ ጾም መሐል አንድ ሌሊት ተነስቶ ጄሪካኖቹን ራሱ ወደ ቤት አስገባ። በትዳራችን አሥራ ሰባት ዓመት ያላደረገውን። ምን ነካህ ስለው «አንቺ ስትለወጪ ዝም ብዬ ልይሽ?» አለኝ። አሁንም ያስገባል፣ ኳስ ያለ ቀን ካልሆነ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ግን ኃጢአት ይሆንብኛል። ይህን ታሪክ ባለፈው ለጥቂቶቻችሁ ስነግር አንዲት እህት ለብቻዬ ይዛኝ «ባሌ ይመታኛል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ሰላም ብለው ይለወጣል?» አለችኝ። አይ። የእኔና የጎረቤቴ ቅያሜ ነው፣ የሁለት እኩል ሴቶች ነገር። ዱላ ሌላ ነው። «ታገሺ፣ ጸልዪ» እያልን እህቶቻችንን ወደ ዱላ መመለስ የእምነት ሥራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ናቸው ይላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በትዳር ውስጥ የሚደርስ ድብደባ ወንጀል መሆኑን ደንግጓል። ያቺ እህት ብቻዋን አልሄደችም፣ ሁለታችን አብረናት ሄደናል። ሌላ አልናገርም። እንደ እሷ ያለች ካለች ስብሰባው ሲበተን እኔ ከበሩ አጠገብ እቆያለሁ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነው የሚጠበቀው። ሒሳብ ያዣችን ካሁኑ «ዘንድሮስ ስንት ቀን አስቆጠርሽ?» እያለችኝ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ኅዳር ላይ ደወለች። የእናቷ ስልክ ድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ እኔ ስልክ ላይ ነው ያናገረችን፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሌላ ቤት ገብታለች፣ ደመወዝ መቀበል ጀምራለች። ገና አልመጣችም። በጸሎታችሁ አስቧት።

ባለፈው ነሐሴ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ ልጄ ክርስትና እናቱ ቤት ራሱ ሄዶ ሙልሙሉን ተቀብሎ መጣ። ሁለት ነው የያዘው። «ለምን ሁለት ሰጠችህ?» አልኩት። «አንዱ የአምናው ነው አለችኝ» አለኝ።

 ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንነሳ።